ለውጡን የለካችው አስተርጓሚ

ማንያህልሻል ኮሎምበስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ “እኔ” ስትል ኖራለች፤ ስለ ራሷ ግን አልነበረም። ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው። ሆስፒታልም ሆነ ፍርድ ቤት፣ አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው እንግሊዝኛ ብቻ ከሚችል ሰው ፊት በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ እሷ መሃል ትገባለች። የሙያው ደንብ “እሱ እንዲህ ይላል” ማለትን አይፈቅድም። ሰውየው “ጨጓራዬን ያመኛል” ካለ አስተርጓሚዋም “ጨጓራዬን ያመኛል” ነው የምትለው። በዚህ የተነሳ ማንያህልሻል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሽንት የሚያስቸግራቸው ሽማግሌ፣ መንታ ያረገዘች ሙሽራ፣ ቀይ መብራት የጣሰ ሹፌር ሆና ታውቃለች። አንድ ሐሙስ ደግሞ ሊፋቱ የመጡ ባልና ሚስት ገጠሟት። ባልየውንም ሚስቲቱንም ሆና ከራሷ ጋር ለሁለት ሰዓት ተጨቃጭቃ፣ ደክሟት ወደ ቤቷ ገባች።

በሠላሳ ዓመቷ ነው ከሱዳን በስደተኛ ፕሮግራም የመጣችው። መጀመሪያ ሂሊያርድ አካባቢ ባለ ሆቴል አልጋ አነጠፈች፣ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ተማረች፣ ከዚያ ፈተና ወስዳ አስተርጓሚ ሆነች። አሁን ብሌንደን ታውንሺፕ የራሷ ቤት አላት። ከባለቤቷ ከተለያየች ቆይታለች። ብሩክታዊት የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት፤ ኮሌጅ ትማራለች፣ ቅዳሜና እሑድ ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ሰፈር አንድ ጫማ ቤት ትሠራለች። ብሩክታዊት አማርኛ ትሰማለች፣ አትመልስም። እናቷ “እራት በልተሻል?” ስትላት “አይም ጉድ” ትላለች። እናቷ የሰው ልጆችን ቋንቋ ስታቃና ማታውም ቅዳሜውም አልቆ፣ የራሷ ልጅ በካርቱን ፊልም እጅ አድጋ ነው። ማንያህልሻል ይህን ታውቀዋለች። ብዙ ሰው ስለሚነግራት የማወቅ ዕድሉ ሰፊ ነበር።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ሎረን የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ኮል አደረገችላት። ሎረን የምትሠራበት ድርጅት ዶክመንተሪ ፊልም ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። ፊልሙ ሞንታና ግዛት ውስጥ የሚኖሩ አራት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወጣቶች የአያቶቻቸውን ቋንቋ ለመማር ሲታገሉ የሚያሳይ ነው። ድርጅቱ ግን ፊልም አሳይቶ ብቻ አይሄድም፤ ፊልሙ በተመልካቹ ላይ ያመጣውን ማኅበራዊ ለውጥ፣ በእነሱ አጠራር ሶሻል ኢምፓክት፣ ይለካል። በዚያ ዓመት ስደተኞችን ለመለካት አስቧል። ማንያህልሻል ከፊልሙ ሥር የሚነበበውን አማርኛ እንድትጽፍ፣ መጠይቁን እንድትተረጉምና በዕለቱ መሃል እንድትቆም ተጠየቀች።

እስከዚያ ቀን “ኢምፓክት” የሚለውን ቃል የምታውቀው ከመኪና ግጭት ጉዳዮች ነበር። ዳኛው “ኢምፓክቱ በየት በኩል ነበር?” ሲል፣ እሷ “በየት በኩል ተመታህ?” ብላ ትጠይቃለች። ሎረን የላከችላትን ወረቀት በዚሁ ዓይን ስታነበው ጥያቄው ሁሉ ፊልሙ ሰዉን በየት በኩል እንደመታው የሚያጣራ መሰላት። ኋላ ላይ ስታስበው ብዙም አልተሳሳተችም።

ሥራው ላይ መጀመሪያ ያስቸገራት ሰዎቹን የምትጠራበት ስም ነው። “ተወላጅ” እንዳትል ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ ተወላጅ ነው። ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የተማሩት “ቀይ ሕንዶች” የሚለውን ነበር፤ እሱን ደግሞ ሞቷ ነው ብትጽፈው። በመጨረሻ “ነባር ሕዝቦች” ብላ ጻፈችና፣ ለሰሚው ይገባ እንደሆን ለመሞከር ወደ ጋሼ ወልደየሱስ ደወለች። ጋሼ ወልደየሱስ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአየር ማረፊያ ታክሲ ነድተዋል።

“ነባር ስትዪ እንደ ነባር ደንበኛ ነው?” አሉ።

ከሁሉ በፊት እዚህ የነበሩ ማለቷ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጋሼ ወልደየሱስም በዚህ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረው አንዱን እንኳ በታክሲያቸው እንዳልጫኑ ነገሯት። ፊልሙን እድሩ አዳራሽ ማሳየት ይቻላል አሉ።

መለኪያው ሁለት ጊዜ ነው የሚሞላው፤ አንዴ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት፣ አንዴ ከታየ በኋላ። የመጀመሪያውን ለማስሞላት ሎረን ሁለት ሳምንት ቀድማ ወደ እድሩ ወርሃዊ ስብሰባ መጣች፤ ስድስት ካርቶን ዶናት ይዛ። ጥያቄዎቹ “ስለ ነባር ሕዝቦች ምን ያህል አውቃለሁ?”፣ “ከእነሱ ጋር ምን ያህል የመንፈስ ትስስር ይሰማኛል?” የሚሉ ናቸው። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው። ሰዉ ዶናቱን በልቶ ወረቀቱን ሞላ። ሎረን ሰብስባ ስታየው ሁሉም ለሁሉም ጥያቄ አምስት ሰጥተዋል። የእድሩ አባላት ስለ ነባር ሕዝቦች እጅግ በጣም ያውቃሉ፤ ትስስራቸውም ሊጠብቅ ከሚችለው በላይ ጠብቋል።

ሎረን ተጨነቀች። ከአምስት በላይ የሚወጣበት ስለሌለ ፊልሙ የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ነው። ማንያህልሻል ምን እንደተፈጠረ እንድታጣራላት ጠየቀቻት። አንዲት እናት ነገሩን ቀለል አድርገው አስረዱ፤ ልጅቷ ከስንት ቦታ ዶናት ተሸክማ መጥታ እንዴት ሁለት እሰጣታለሁ አሉ። ሎረን የሚፈለገው እውነተኛው መልስ እንደሆነ ተናገረች፤ ማንያህልሻልም ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተላለፈች። ወረቀቱ እዚያው እንደገና ሲሞላ ግን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነጋ በየወንበሩ እየዞረ፣ ዝቅ ተደርጎ ቢሞላ ልጅቷን ደስ እንደሚላት በጆሮ ነገረ። ሁሉም አንድ ሰጡ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ሁሉን ያውቁ የነበሩ ሰዎች አሁን ምንም አያውቁም። ሎረን አመስግና፣ ወረቀቱን አቅፋ ሄደች።

ፊልሙ የታየው በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰባ የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች በግራ በኩል፣ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች በቀኝ በኩል ተቀመጡ። እንደዚያ ተቀመጡ ያላቸው የለም። ብሩክታዊት ከጫማ ቤቱ ፈቃድ ወስዳ ለወጣቶቹ መጠይቅ ልታድል መጥታ ነበር።

ሎረን ዝግጅቱን የከፈተችው በሐዘን ድምፅ ነው። ማንያህልሻልም ያንኑ ድምፅ ይዛ ተከተለቻት፦ “ዛሬ የተሰበሰብንበት ይህ መሬት የሻውኒ፣ የደላዌርና የዋያንዶት ሕዝቦች መሬት ነው። ተገደው ነው የለቀቁት። ይህን እናውቃለን፣ እንመሰክራለን።”

በግራ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። አዳራሹን እድሩ ከገዛው ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። ነጋ ብድግ አለ።

“እትዬ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። ስንገዛ ታይትሉ ክሊን ነው፣ የይዞታ ክርክር የለበትም ተብለን ነው የፈረምነው። ሰዎቹ ክስ መሥርተዋል ወይ?”

ሎረን ክስ የለም አለች። ነጋ እንግዲያው መሬቱ ሊመለስላቸው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደዚያም አይደለም፣ ሎረን የምታውቀው እንዲህ ያለ ዕቅድ የለም። ካልተመለሰ ለምን ይነገራል አለ ነጋ። ሎረን ትንሽ አሰበችና፣ ለአክብሮት ነው አለች። ነጋ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ሰኞ ጠዋት አዳራሹን ያዋዋለው ቢሮ የመጀመሪያ ደዋይ እሱ ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ከሥር የሚያልፈውን አማርኛ እንዳያመልጣቸው ድምፅ አውጥተው ያነቡ ስለነበር አዳራሹ ፊደል እንደሚቆጠርበት ክፍል ሆነ። ፊልሙ በአብዛኛው ኮዲ የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይከተላል። ኮዲ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቀጥታ አያቱ ኩሽና ገብቶ ይቀመጣል። አያቱ ማንኪያ ያነሳሉ፣ ስሙን ይናገራሉ፣ እሱ ይደግማል። ውሻው ይገባል፣ የውሻውን ስም ይናገራሉ፣ እሱ ይደግማል። ሲሳሳት አሮጊቷ አይቆጡም፣ አይስቁም፤ እንደገና ይናገራሉ። በመጨረሻ ኮዲ ሕዝብ በተሰበሰበበት የስፖርት አዳራሽ ቆሞ በቋንቋው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ፣ ቋንቋው እንዳልሞተ።

ሰዉ አለቀሰ። በግራ በኩል ያሉት፣ ልጅ ማለት እንዲህ አያቱ ሥር ቁጭ ብሎ የሚማር ነው እያሉ ወደ ቀኝ ተመለከቱ። በቀኝ በኩል ያሉት፣ አያት ማለት እንዲህ ሲሳሳቱ የማትስቅ ናት እያሉ ወደ ግራ ተመለከቱ። ሁለቱም ወገን በፊልሙ በጣም ተነክቷል፤ ሁለቱም የተነካው በሌላው ጥፋት ነው።

መብራት በራና ኮዲ ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። ሎረን አስቀድማ ያልተናገረችው ስጦታዋ ነበር። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ያደገ፣ የከሳ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የሚያሻሽ ወጣት። የመጀመሪያ ሥራው የማስታወቂያው ወረቀት ላይ ያልነበረውን መናገር ሆነ፦ ሕዝቡ ናኮዳ ይባላል። ማንያህልሻል ቃሉን እንደሰማችው ደገመችው።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ጥሩ አድርጎ መለሰ። ማንያህልሻል ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ፍርድ ቤት ውስጥ ጠበቃ ያስጠናው ምስክር ሲናገር እንዴት እንደሆነ ታውቃለች፤ ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል፣ ትንፋሹም ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ኮዲ እንደዚያ ነበር የሚናገረው።

ከዚያ ጋሼ ወልደየሱስ ተነሱ። “ልጄ፣ እስቲ በራስህ ቋንቋ አነጋግረን” አሉት።

ኮዲ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ተናገረ፤ ፊልሙ ላይ የነበሩትን። ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሼ ወልደየሱስ ግን አልተቀመጡም።

“ጨምርልን።”

ኮዲ ኮፍያውን አሻሸ። ሎረንን አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ማንያህልሻልም በማይክራፎኑ ጥርት ባለ ድምፅ፣ “እኔ ቋንቋዬን አላውቅም” አለች።

ከኋላ አንዲት እናት ደንግጠው፣ “እንዴ፣ ማንያህልሻል፣ አማርኛው ጠፋብሽ?” አሉ።

ለእንዲህ ያለው ጊዜም ደንብ አለ። “አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትሰጣለች፤ የተናገረው እንግዳው ነው” አለች ማንያህልሻል። በቀኝ በኩል ብሩክታዊት ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትመለከታት ነበር።

ኮዲ ቀጠለ። አሁን ትንፋሹ በየቦታው ነበር የሚቆመው።

“ፊልሙ ሲቀረጽ በየቀኑ አያቴ ጋ እሄድ ነበር። ካሜራውም ስለነበረ አልቀርም ነበር። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ግን ስለ ፊልሙ እንድናገር ይጠሩኝ ጀመር። አራት ዓመት ሆነኝ። ስለ ቋንቋዬ በእንግሊዝኛ እየተናገርኩ ስልሳ ከተማ ዞሬያለሁ። የማውቀው እነዚያን ሦስቱን ነው። ሦስተኛውን ደግሞ አሁን እንኳ በትክክል መናገሬን እርግጠኛ አይደለሁም።”

“አያትህ በሕይወት አሉ?” አሉ ጋሼ ወልደየሱስ።

“አለች።”

“ስንት ዓመታቸው ነው?”

“ሰማንያ ሦስት።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

ይህን ጥያቄ ማንያህልሻል ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ሳታስበው ድምፅዋ የጋሼ ወልደየሱስን መሰለ። ኮዲ ነገ ክሊቭላንድ፣ ከዚያ ፒትስበርግ፣ ከዚያ ሌላ ከተማ እንደሚጠበቅ ብቻ ተናገረ። ሎረን ተነስታ፣ ፊልሙ የብዙ ሺህ ሰው ልብ እንደነካ፣ የኮዲ ታሪክም መንገድ ላይ ያለ ታሪክ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረች። እናቶቹ አላስጨረሷትም። አንዷ “ሂድ ልጄ” አሉ። ሌላዋ “ሳትቀደም ሂድ” አሉ። ነጋም “ወንድሜ ሂድ፤ ፊልሙ ያለ አንተም ይታያል” አለ። ከየአቅጣጫው “ወደ ቤትህ ሂድ” እያሉ ሰባ ሰዎች ይናገሩ ጀመር።

የአስተርጓሚ ሥራ የተባለውን ማለት ነው። ማንያህልሻል በማይክራፎኑ፣ “ጎ ሆም” አለች። ደግማም አለች፤ የተናገረው ሰው ብዙ ስለነበር ብዙ ጊዜ አለች። እነዚህን ሁለት ቃላት ራሷ የሰማቻቸው ኮሎምበስ በገባች በመጀመሪያው ክረምት ነው። ሂሊያርድ አውቶቡስ ስትጠብቅ የማታውቀው ሰው ከሚያልፍ መኪና ውስጥ ጮሆባት ነበር። አሁን ከአምስት አህጉር የመጣ ሕዝብ በሞላበት አገር፣ ማንም ወደ ቤትህ ሂድ ሊለው ለማይችለው ብቸኛ ሰው እሷ እየነገረችው ነው። ኮዲ ግን አልተቀየመም። ማልቀስ ሳይሆን መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ቆይቶ ነው የቆመው።

የኋለኛው መጠይቅ ተሞላ። ሁሉም አምስት ሰጡ።

እሑድ ጠዋት የማንያህልሻል ስልክ ጮኸ። ኮዲ ነበር፤ ካርዷን ከብሩክታዊት ወስዶ ኖሯል። አየር ማረፊያ የሚያደርሰው ሰው ይፈልጋል። ወደ ክሊቭላንድ የሚሄዱት በመኪና መሆኑን ታውቅ ስለነበር ምንም አልጠየቀችውም። ሆቴሉ በር ላይ አንድ ሻንጣ ይዞ አገኘችው። መንገድ ላይ፣ አያቱ በስልክ ሲያናግሩት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ እንደሆነ፣ እሱም ምክንያቱን ጠይቆ እንደማያውቅ ነገራት። ለሎረን መልእክት ጽፎ ተጸጽቶ አጥፍቶታል፣ እንደገና ጽፏል። ማንያህልሻል መኪናውን አቁማ ፍተሻውን እስኪያልፍ ጠበቀች። ለምን እንደጠበቀች አታውቅም፤ ሰውን ሸኝቶ መግባቱን ሳያዩ መመለስ ደግሞ አልለመደባትም።

ገና ወደ ቤት ሳትገባ ሎረን ደወለች። ተቆጥታለች፣ ግን በጨዋ ድምፅ። ትናንት መድረክ ላይ ለኮዲ በትክክል ምን እንዳለችው ማወቅ ትፈልጋለች።

“እኔ ምንም አላልኩትም” አለች ማንያህልሻል። “ሂድ ብዬዋለሁ፤ ግን እኔ አልነበርኩም።”

ድርጅቱ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በፊልሙ የተነሳ አኗኗሩን እንዲለውጥ ሲደክም ኖሯል። አሁን አንድ ሰው በአንድ ቀን ኑሮውን ለወጠ፤ ግን ተመልካች ስላልነበረ የሚሞላው ወረቀት የለም። ማንያህልሻል ይህን አሰበች እንጂ አልተናገረችም።

በሰኔ የድርጅቱ ሪፖርት ወጣ። ፖላሪስ አንድ ሆቴል ውስጥ ምሳ ተደርጎ ማንያህልሻልም ተጠራች። ግድግዳው ላይ በበራው ግራፍ የኮሎምበስ ኢትዮጵያውያን ከሁሉም በላይ የተለወጡ ሆነው ታዩ፤ ከሥር ከአንድ ተነስተው ጣራው ላይ ደርሰዋል። የኮዲ ነገር በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ከፊልሙ ተሳታፊዎች አንዱ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጠናከር ወደ አካባቢው ተመልሷል። አንድ ረዥም ሰውዬ ማንያህልሻልን ጨብጦ፣ በማኅበረሰቧ እንዲህ ያለ ለውጥ የመጣበትን ምስጢር ጠየቃት። ዶናት እንደሆነ ነገረችው። ሰውየው ከልቡ ሳቀ፤ እሷ ግን መቀለዷ አልነበረም።

እድሩ ውስጥም ነገሩ እንዲሁ አልቀረም። ሽማግሌዎቹ ለልጆች የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ከፈቱ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አራት ልጆች መጡ፣ በሁለተኛው ስድስት። በአራተኛው ቅዳሜ የእግር ኳስ ውድድር ስለነበር መምህሩ ራሳቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ውድድሩ ሄዱ። ወጣቶቹ በበኩላቸው አዳራሹ በር ላይ የመሬቱን የቀድሞ ባለቤቶች ስም የያዘ ሰሌዳ ይሰቀል ብለው አመለከቱ። ነጋ፣ አዋዋዩ ቢሮ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ምንም ነገር በጽሑፍ እንዳይወጣ ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ወልደየሱስ ሰሌዳውን ደገፉ፤ አማርኛም ይኑርበት አሉ። ሰሌዳው ተሠርቶ ሲመጣ “ነባር” የሚለው “ነበር” ተብሎ ታትሟል። ነበር ሕዝቦች። እስኪታረም ዕቃ ቤት ገባ፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ኮዲ በኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ቀትር ላይ ደወለ። ማንያህልሻል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ሥራ ይዟል፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። አያቱ መጀመሪያ ላይ ሊያስተምሩት ፈቃደኛ አልነበሩም። ካሜራዎቹ የት አሉ ብለው ጠየቁት። እንደሌሉ ሲያውቁ ለሦስት ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር ብቻ እያዩ ዝም አሉት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ካፖርታቸውን ለብሰው መጥተው አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። አሁን በየቀኑ እንደዚያ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ በስሙ ይጠሩለታል፤ አጥሩን፣ በረዶውን፣ የሚያበሳጯቸውን ጎረቤቶች። ለጎረቤቶቹ የሚወረወረው ስድብ ቶሎ እንደገባው ነገራት።

አሮጊቷ አጠገቡ ነበሩ፤ ስልኩም በድምፅ ማጉያ ነበር። እንግሊዝኛ አቀላጥፈው እየቻሉ በናኮዳ ካልሆነ አልናገርም አሉ። ስለዚህ ኮዲ መሃል ገባ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ረዘም ያለ ነበር።

“ምን አሉ?” አለች ማንያህልሻል።

“ልጅ አለሽ ወይ ትላለች። የቀረው አልገባኝም።”

“ያልገባህን እንዳትዘል። እንዲደግሙልህ ጠይቃቸው። እንደዚያ ነው የሚሠራው።”

ጠየቀ። አሮጊቷ ደገሙ፣ ከዚያ እንደገና ደገሙ። በመጨረሻ፣ ልጅሽ አያቷን ታውቃቸዋለች ወይ እንዳሉ ነገራት። ማንያህልሻል አያትየው ብሩክታዊት ሳትወለድ እንደሞቱ፣ ኃይለኛ ሴት እንደነበሩ፣ የብሩክታዊት ቁጣ የእሳቸውን እንደሚመስል ተናገረች። ኮዲ ግማሹን እንኳ በናኮዳ መመለስ አልቻለም፤ አሮጊቷ ግን በእንግሊዝኛ ስለሰሙት በራሳቸው ጊዜ ሳቁ።

ብሩክታዊት ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ስለ አያቷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ በእንግሊዝኛ። እናቷ በአማርኛ መለሰችላት፤ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነበር። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልሆነም።

ከገና በኋላ ግን ማንያህልሻል አንድ ነገር ልብ አለች። ብሩክታዊት መኪና መዋስ ስትፈልግ በአማርኛ ነው የምትጠይቀው። “እማዬ፣ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ? ፖላሪስ ሄጄ ቶሎ እመጣለሁ” ትላለች፤ “ቶሎ”ን ትንሽ እያጠበቀች። ልጅቷ የቁልፉን ዋጋ ማወቋ ነው። ማንያህልሻልም ይህ እንደገባት አታሳይም። ቁልፉ ከፊቷ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ የት እንዳስቀመጠችው እንደጠፋባት ትናገራለች፤ ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ ምን እንደምትገዛ፣ ያቺ ጓደኛዋ እንዴት እንደሆነች ቀስ እያለች ትጠይቃለች። ብሩክታዊት እየተናደደች፣ ሁሉንም በአማርኛ ትመልሳለች።